ሕመሙ ጸንቷል

ውብነሽ በአራት ቋንቋ ትናገራለች፤ በአራቱም ግን «አላውቅም» ብላ አታውቅም። አማርኛውን ከአባቷ ቤት፣ ፈረንሳይኛውን ከመነኮሳቱ ትምህርት ቤት፣ ሶማልኛውን ከሰፈር፣ ዓረብኛውን ከባለሱቆች ነው የለቀመችው። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ለአንድ ሐበሻ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከመጣለት «ውብነሽ ጋ ውሰደው» ይባላል። እሷም መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ታነብለታለች። ያልገባት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች እንጂ አትቆምም፤ ሰው ደግሞ ጮክ ብሎ የሚያነብለትን ያምናል።

ክፋት የለባትም፤ ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅላት። አባቷ አቶ እሸቴ የምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ሆነው ከድሬዳዋ የወረዱ፣ «ለሁለት ዓመት ነው» እንዳሉ ጅቡቲ የተቀበሩ ሰው ነበሩ። እናቷ ግማሽ አካላቸው ደንዝዞ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ላይ ሲቆዩ ያገላበጠቻቸው፣ ያጠበቻቸው፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል በዘይት ያሸቻቸው ውብነሽ ናት። ለጋብቻ የጠየቋት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው እናቷን ትታ እንድትመጣ ስለፈለገ ቀረ፤ ሁለተኛው በምን እንደቀረ እሷም በደንብ አታስታውሰውም። እናቷን ከቀበረች በኋላ እጇ ሥራ ፈታባት። አንዲት ጎረቤት «ይሄ እጅሽ እኮ እንጀራ ይወጣዋል» ብላ ኪኔ ቤት አስገባቻት። ኪኔ አገር ቤት ፊዚዮቴራፒ የሚሉት ሕክምና ነው፤ የሰለለውን፣ የደረቀውን፣ የታሰረውን አካል በእጅና በእንቅስቃሴ ማፍታታት። እነሆ በዚያው ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት።

የክሊኒኩ ባለቤት ናዒማ ናት። ናዒማ የነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ ውጭ አገር የተማረች ባለሙያ ስትሆን፣ ያደገችው ድሬዳዋ ነውና እንደ ድሬ ልጅ ሁሉ ትልቅ ትንሽ ሳትለይ «አንቺ» ትላለች። ከውብነሽ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች። ናዒማ ትመረምራለች፣ ታዝዛለች፤ ውብነሽ ታሻለች፣ ታሠራለች፣ ሐበሻ በሽተኛ ሲመጣም ከመሥሪያ ቤት የያዘውን ወረቀት ታነብለታለች። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል፣ አራት አልጋና መብራት ሲጠፋ የሚቆም አንድ ማራገቢያ አለው።

ፈንታው ወደዚህ ክሊኒክ የመጣው በጥቅምት ወር ነው። የወሎ ሰው ነው፤ ሚስቱ በእምነትና ሁለት ልጆቹ ኮምቦልቻ ናቸው። እሱ ወደቡ አጠገብ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። አንድ ቀን ጣሪያ ሊነካ የደረሰ የማዳበሪያ ጆንያ ክምር ተደረመሰበት። ሰባት ሰው ተረባርቦ ከሥሩ አወጣው። ሁለት የጎን አጥንቱና ከወገቡ አንደኛዋ አጥንት ተሰነጠቁ። በአራተኛው ወር አጥንቶቹ ገጠሙ፤ ራጁም ይህንኑ መሰከረ። ሕመሙን ግን ይህን የነገረው አልነበረም፤ እዚያው ወገቡ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

የጉዳት ካሣው ዶሲየ፣ ማለትም መዝገቡ፣ በመድን መሥሪያ ቤቱ ተከፍቶለታል። ዶሲየው ክፍት እስከሆነ ድረስ ግማሽ ደሞዙ ይመጣል፣ ሕክምናውም ይሸፈናል። መጨረሻ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ያየውና ጉዳቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይወስናል፤ ካሣውም በዚያ ልክ ይሆናል። ፈንታው ከዚያ በኋላ ጆንያ እንደማይሸከም ያውቀዋል። ያንን ካሣ ይዞ ኮምቦልቻ መግባትና አንዲት ሱቅ መክፈት ነው ሐሳቡ። ሌላ ሐሳብ የለውም።

«ሕመምህ ከአሥር ስንት ይሆናል?» ትጠይቀዋለች ናዒማ፤ ለሁሉም በሽተኛ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው።

«አሥር።»

በሳምንቱም አሥር። በወሩም አሥር። ናዒማ ከወረቀቷ ቀና ትልና ውብነሽን ታያታለች፤ ውብነሽም ወደ ማራገቢያው ታያለች።

አንድ ቀን ናዒማ ወጣ ስትል ውብነሽ እሱን አልጋው ላይ በደረቱ እንዳስተኛችው «ስማ ፈንታው» አለችው፤ «አሥር ማለት እኮ ሰው ራሱን የሚስትበት ነው። አንተ ከእኔ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለህ።»

«እትዬ ውብነሽ፣ መጋዘን ያሉት ልጆች ከአሥር ዝቅ ካልክ አለቀልህ ብለውኛል።»

«እነሱን ተዋቸው። ለእኔ ንገረኝ።»

ፈንታው ፊቱን ፎጣው ውስጥ ቀበረ። «ለእርስዎማ… ጠዋት ስነሳ ይጠዘጥዘኛል። ብዙ ስቀመጥ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልበኛል። ሳስነጥስ ውግት ያደርገኛል፤ እሱ ነው ትንፋሼን የሚይዘው። ደግሞ አንዳንድ ቀን አለ፣ ምንም አይለኝም። ያን ቀን የባሰ እፈራለሁ።»

«ምንም ካላለህ ምን ያስፈራሃል?»

«ሰው ያየኛላ!»

ይኸው ነው ጉዱ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሥራው መዳን ነው፤ ካሣ የሚጠብቅ ሰው ግን መታመሙን ማስረዳት ሌላ ሥራ ይሆንበታል፣ ይህኛው ሥራ ደግሞ እረፍት የለውም። ቢሻለው «ድሮም ሲያስመስል ነበር» ይሉታል። ባይሻለው «ገንዘቡን ስላየ ነው» ይሉታል። ናዒማ ያዘዘችለት መራመድ፣ ማጎንበስ፣ ወገቡን ማፍታታት ነበር። እሱ ከቤቱ ሲወጣ ከዘራ ይዞ እንደ ሽማግሌ ይጎተታል። የተጎተተ ወገብ ይደርቃል፤ የደረቀ ወገብ ያማል፤ ሲያም ደግሞ ሰውየው ይበልጥ ይጎተታል። ውብነሽ ስድስት ወር ሙሉ ያፈታታችውን ጅማት እሱ ከበሩ ላይ ጀምሮ መልሶ ይቋጥረዋል። አንድ ጊዜ አምስት ሊትር የውሃ ጀሪካን ይዞ ደረጃ ሲወጣ አብሮት የሚሠራ ሰው አየውና መጋዘኑ በሙሉ «ፈንታው ድኗል» ብሎ አወራ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ አይደል! ከዚያ በኋላ ውሃውን የጎረቤቱ ሚስት ትቀዳለት ጀመር፤ እሱም በር ላይ ተቀምጦ በኀፍረት መሬት መሬቱን ያያል።

ለሚስቱ በስልክ «ደህና ነኝ» ይላታል። ለሐኪም «አሥር» ይላል። እውነቱን የሚሰማው የውብነሽ ጆሮ ብቻ ነበር። እሷም በአውራ ጣቷ የምታገኘውን ታውቀዋለች፤ ከወገቡ ግራና ቀኝ ያለው ሥጋ እንደ ገመድ የተገመደ ነው፣ ስትነካው ላብ ያጠምቀዋል፣ ይህንን ማስመሰል የሚችል ሰው አይታ አታውቅም። አምንሃለሁ ብላ ግን አልነገረችውም። ናዒማ አስጠንቅቃታለች፦ «አቦ፣ የእኛ ሥራ ማከም ነው፤ ምስክርነት ውስጥ እንዳትገቢብኝ።»

ሚያዝያ ላይ የመድን መሥሪያ ቤቱ ሐኪም ፈንታውን ሊያዩት ቀጠሩት። ሐኪሙ ከውጭ የመጡ፣ ከፈረንሳይኛ በቀር የማይሰሙ ሰው ናቸው። አስተርጓሚ ይዞ እንዲመጣ ተነገረው። ማንን ይዞ እንደሚሄድ መጠየቅም አያስፈልግም። ውብነሽ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደክሟቸዋል እንጂ። ከበር ውጭ አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፏል። አስጎነበሱት፣ አስጠመዘዙት፣ እግሩን ወደ ላይ አነሱት፣ ራጁን ከመስኮቱ ትይዩ አድርገው አዩት። ከአሥር ስንት ነው ብለው ጠየቁት። አሥር አለ። ጻፉ፤ ብዙም አልጻፉም። ከዚያ ብዕራቸውን አስቀመጡና ወደ ውብነሽ ዞረው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ በመካከሉ «ኮንሶሊዴ» የሚል ቃል ነበረበት።

ውብነሽ ቃሉን ታውቀዋለች። የተሰበረ አጥንት ሲገጥም ይባላል። ግድግዳ ሲጠናከር ይባላል። ድልድይ ላይም ሰምታዋለች። አሁን ግን ሐኪሙ የሚያወሩት ስለ አጥንቱም ስለ ድልድይም አይደለም፤ ስለ ሰውየው ሁኔታ ነው። ምን ማለትዎ ነው ብላ ብትጠይቃቸው በሁለት ደቂቃ ያስረዷት ነበር። ሐኪሙ ግን እያዩአት ነው፤ ፈንታውም እያያት ነው። ዝም ማለት ለእሷ ከመሳሳት ይብስባታል። አባቷ የሐዲዱን ብሎን አጥብቀው ሲጨርሱ «ጸንቷል» ይሉ ነበር። አፏ ላይ የመጣላት ያ ነው።

«ጸንቷል ይሉሃል» አለችው።

«ምኑ?»

«ሕመሙ ነዋ። ሕመሙ ጸንቷል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በአማርኛ ሕመም ጸናበት ማለት ባሰበት፣ ከበደው፣ ቄስም ዘመድም ይጠራለት ማለት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። ውብነሽም ታውቃለች፤ እናቷ ሕመም ሲጸናባቸው ቄስ ልትጠራ የሮጠችው እሷ አይደለችም? ግን ቃሉ ወጣ፣ የፈንታው ፊትም ተለወጠ። አሥራ አራት ወር ሙሉ «ምንም የለብህም» ሲሉት የቆዩ ሰዎች ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ በጠና መታመሙን መሰከሩለት። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከመቀመጫው እንደምንም ተነሥቶ ወገቡ እያመመው ጎንበስ ብሎ የሐኪሙን እጅ ሳመ። ሐኪሙ ደነገጡ፤ ሕክምናህ አብቅቷል ተብሎ እጅ የሚስም ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

ውብነሽም ያንን ፊት ስታይ የተናገረችውን ራሷ አመነችው። እንዲህ ደስ የሚያሰኝ ነገር እንዴት ስህተት ይሆናል? ወረቀቱ ቀረበ፤ ፈንታው ፈረመ። ከሥሩ አስተርጓሚዋ በዚያ መነኮሳቱ ባስተማሯት ባማረ ጽሕፈት ስሟን ሙሉውን ጻፈችና ፈረመች።

በቀጣዩ ሳምንት ፈንታው ክሊኒክ ሲመጣ ናዒማ እንደ ልማዷ ጠየቀችው።

«ዛሬ ሰባት ነው» አለ።

ናዒማ ብዕሯን አነሳችና ወደ ውብነሽ ዞረች። «ስንት ነው ያለው?»

«ሰባት ነው ያለው» አለች ውብነሽ።

ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዘዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። የታዘዘውን ሁሉ ቤቱም ይሠራል። ፀሐይ ሳትበረታ እስከ ባሕሩ ተራምዶ ይመለሳል። ለጎረቤቱ ሚስት ውሃ ራሱ ቀድቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ በሯ ላይ አስቀመጠላት። ከዘራውን ቤት ረስቶት የመጣ ዕለት ውብነሽ ዝም አለች፤ እንዳይደነግጥባት። ከሰባት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አራት ወረደ። በአውራ ጣቷ ሥር ያ ገመድ የሆነ ሥጋ ላላ፤ አንድ ቀን እየታሸ እንቅልፍ ወሰደውና አልጋው ላይ አንኮራፋ።

«አቦ ይሄን ሰውዬ ምን አገኘው?» አለች ናዒማ።

«እጄ ነዋ!» አለች ውብነሽ።

እጇስ የታወቀ ነው፣ ማንም አይነፍጋትም። ነገር ግን ያው እጅ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አሽቶት አልነበር? የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሰውየው መታመሙን ማስረዳት አቁሟል። የሚያስረዳለት ወረቀት ኪሱ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ወገቡ ምስክር መሆኑ ቀረና እንደገና ወገብ ሆነ። መዳን እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ! የሚያስለቅሰው ይኸው ነው። ግማሽ ደሞዙ ባለመምጣቱ እንኳን አልተጠራጠረም፤ ድሮም ወር ሁለት ወር እየዘገየ ነበር የሚመጣው።

ሰኔ ገባ፤ አየሩ እንደ እሳት ሆነ። አንድ ጠዋት ናዒማ ከመድን መሥሪያ ቤቱ የተመለሱ የሂሳብ ወረቀቶች ይዛ ወደ ማሻ ክፍሉ ገባች።

«ውብነሽ፣ የፈንታው ሕክምና በሙሉ ተመልሶብኛል። ኮንሶሊዴ ከተባለ ስድስት ሳምንቱ ነው ይላሉ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ። አምነውታል አልኩሽ።»

«ማን ነው ያመነው? ኮንሶሊዴ ማለት ረግቷል ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ አይሻለውም፣ አይብስበትም፣ ባለበት ቆሟል፣ ሕክምናው ይብቃ፣ ዶሲየው ይዘጋ ማለት ነው። ካልተስማማ በሠላሳ ቀን ውስጥ መቃወም ነበረበት። አንቺ ምን ብለሽ ነው ያስተረጎምሽለት?»

ውብነሽ ነገረቻት። ናዒማ የያዘችውን ወረቀት በሙሉ አልጋው ላይ ለቀቀችው።

«ወይኔ ውብነሽ! ወይኔ!»

ረግቷል። ወተት ይረጋል፣ ውሃ ይረጋል፣ የተናወጠ ነገር ሁሉ ይረጋል፤ ልጅም የሚያውቀው ቃል ነው። ውብነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ያችን ቃል ደጋግማ በልቧ አለቻት። ስድስት ሳምንት ዘግይታ መጣችላት።

ያን ቀን ከሰዓት ከተማው ሲተኛ እሷ አልተኛችም። ጀላሉዲን የሚባል በመድን መሥሪያ ቤቱ የዶሲየ ክፍል የሚሠራ ሰው ሆዳን በሚባለው ሰፈር የናዒማ ጎረቤት ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ሄደች። ጀላሉዲን ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስመጣላት፣ ዶሲየውን አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው። ጉዳቱ ከመቶ አራት ይላል። ከአራት ምን ካሣ ይወጣል? የወገቡን ነገር በሚያትተው መስመር ላይ ደግሞ ሐኪሙ በፈረንሳይኛ «አለኝ የሚለው ሕመም» ብለው ጽፈዋል። ሕመሙ አላሉም፤ አለኝ የሚለው ሕመም። ውብነሽ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ በዚያ ቀን ፊቷ ተቀምጦ ነበር፣ ሳታነበው ነው የፈረመችው።

«ቃሉን አላውቀውም ነበር» አለች።

በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለችው ነው፤ ጀላሉዲን ግን ይህን በምን ይወቅ።

«እትዬ፣ ይህችን ያኔ ቢሏት ኖሮ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ቀኑ አልፏል። እዚህ ጋ ደግሞ ይዩት፣ በአስተርጓሚ ተረድቶ ፈርሟል ይላል። ፊርማው የእርስዎ ነው።»

«ልሳሳት አልችልም?»

«ይችላሉ። ይጻፉት፤ እኔ አስገባልዎታለሁ።»

ጻፈችው። እኔ አስተርጓሚዋ ተሳስቻለሁ፣ ሰውየው ያልተባለውን ነው የሰማው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሱ አይቀጣበት ብላ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፈች። መልሱ በአሥር ቀን መጣ፤ ሁለት መስመር ነው። ጊዜው በማለፉ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም።

በእነዚያ አሥር ቀናት ፈንታው ሦስት ጊዜ ክሊኒክ መጥቷል። ናዒማ የሚከፍልለት ባይኖርም አልመለሰችውም። እሱ ይስቃል፤ ስለሚከፍታት ሱቅ ያወራል፤ ጨው ነው ዘይት ነው ቀድሞ የሚያስገባው እያለ ያማክራታል። ውብነሽም ዘይት ይሻላል ብላዋለች። ዘይት ይሻላል ብላ ጓዳ ገብታ እጇን ደጋግማ ታጠበች። ነገ ልንገረው እያለች ታሳድራለች። ሰው ሊነግረው ነው፣ ዛሬ ወይ ነገ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ያንንም ደብዳቤ እንድታነብለት ለእሷው ነው የሚያመጣላት።

መልሱ በመጣ ማግስት ናዒማ «ከፈለግሽ እኔ ልንገረው» አለቻት።

«አይሆንም። የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ፈንታው በሦስት ሰዓት መጣ። በፌስታል ሁለት ማንጎ ይዟል፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የናዒማ። «ዛሬ ሦስት ነው፣ እትዬ» አለ ገና ሳይጠየቅ፣ ሸሚዙን ሊያወልቅ ቁልፉን እየፈታ።

«አትፍታው። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። እሷም ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እንዴት እንደምትጀምር ሌሊቱን አስባበት ነበር፤ ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት። ፍርጥ አድርጋ ነገረችው። ሐኪሙ ያሉት ጸንቷል አይደለም፣ ረግቷል ነው። ሕክምናው ይበቃዋል ነው ያሉት። ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቀኑ አልፏል። አቤት ብያለሁ፣ አልተቀበሉም። ካሣው ከመቶ አራት ነው።

ፈንታው ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ፤ ላስቲኩን ፈታ፤ ማንበብ የማይችለውን ፈረንሳይኛ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ታዲያ አላመኑኝም ማለት ነው?»

እዚህ ላይ ብትዋሽስ ማን ይጠይቃታል? ግን አንዴ አሳስታዋለች፤ ሁለተኛ ልትሸነግለው አልደፈረችም። ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። «አለኝ የሚለው ሕመም ነው የሚለው።»

«የሚለው።»

«አዎ።»

ውብነሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሰውነት ስታነብ የኖረች ሰው ናት፤ ፊት ለፊቷ የሆነውን አየችው። የፈንታው ትከሻ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮው ወጣ። ትንፋሹ አጠረ። ቀኝ እጁ ማንም ሳያዘው ወደ ወገቡ ሄዶ እዚያው ቀረ። ወር ከምናምን የለፉበት ነገር ዓይኗ እያየ፣ ማንጎው ገና ከፌስታሉ ሳይወጣ፣ ተመልሶ ተቋጠረ።

«ይቅር በለኝ» አለችው። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

«ስህተቱስ ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል» አለ ፈንታው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እኔ እኮ እትዬ፣ ያ ጆንያ ከወደቀብኝ ወዲህ እንደ ሰው የተኛሁት በዚህ ስድስትና ሰባት ሳምንት ነው። ካሣውን አስቤ እንዳይመስልዎት። አምነውኛል ብዬ ነው። መንገርዎ ነው የከፋኝ። ምን ነበረበት ዝም ቢሉኝ?»

«ዛሬ ባልነግርህ ነገ ከሌላ ትሰማው ነበር።»

«ከሌላ ብሰማውማ ውሸት ነው ብዬ እርስዎ ጋ እመጣ ነበር።»

እሱ በሁለት እጁ የአልጋውን ጠርዝ ተደግፎ ተነሣ፤ ልትደግፈው ስትል ራሱን በትሕትና ዞር አደረገባት። ማንጎዎቹን እዚያው ትቶ ወደ በሩ አመራ። በሩ ላይ ሲደርስ ነው ናዒማ ስለከለከለቻት አፍና የያዘችው፣ ጣቷ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያወቀው ነገር ከአፏ የወጣው።

«ፈንታው፣ እኔ አምንሃለሁ። ሁልጊዜም አምንህ ነበር።»

ፈንታው ዞሮ ጥቂት አያት። ከዚያ ምጽዋት እንደተቀበለ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ» አላትና ወጣ።